ያልወደዱትን የፀጉር ቀለም በቤት ውስጥ ስለማስለቀቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥር ሠርግ ሲያልፍና የፋሲካ ሰሞን ግርግር ሲበርድ፣ በምሠራበት ፀጉር ቤት ሻሽ ጠምጥመው የሚገቡ ደንበኞች ይበዛሉ። ሻሹ ሲፈታ የሚታየው ነገር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ለአንድ ቀን ድግስ ተብሎ እቤት የተቀባ፣ ድግሱ ሲያልፍ ግን ባለቤቱን መስታወት ያስጠላ ቀለም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እነዚህ ደንበኞችና ከውጭ አገር የሚደውሉ ዘመዶቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ሲሆኑ፣ መልሶቹም እቤት ሊሞከር የሚገባውን ከማይገባው ለመለየት የተጻፉ ናቸው።

ቀለሙን ባስለቅቅ ፀጉሬ ወደ ተፈጥሮ ቀለሙ ይመለሳል?

ሌላው ሁሉ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ስለሚመሠረት ከእሱ እንጀምር። የተቀባው ቀለም ፀጉሩን ከላይ ብቻ የሚለብስ ጊዜያዊ ቀለም ከነበረ፣ ታጥቦ ሲያልቅ የቀድሞው ፀጉር ሳይለወጥ ይገኛል። በሳጥን የሚሸጠው፣ ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚቀባው ቋሚ ቀለም ከሆነ ግን አይመለስም። ቋሚ ቀለም በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። በውስጡ ያለው አሞኒያ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ፀጉሩን የሸፈነውን ውጫዊ ሽፋን ከፍ ከፍ ያደርገዋል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱም በተከፈተው በኩል ገብቶ ለፀጉሩ የተፈጥሮ ቀለሙን የሚሰጠውን ሜላኒን በከፊል ያነጣዋል፤ በዚያው ሰዓትም ትንንሾቹን የቀለም ሞለኪውሎች እርስ በርስ አያይዞ፣ በገቡበት መንገድ ሊወጡ የማይችሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የተቀባው ቀለም ሙሉ በሙሉ ቢወጣ እንኳ ከሥሩ የሚገኘው ሜላኒኑ የተቀነሰ፣ ወደ ቀይ ቡናማ ወይም ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ፀጉር ነው።

ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውምና የጠፋውን ሜላኒን መልሶ አይሠራም። የተፈጥሮው ቀለም የሚመለሰው ከሥር በሚበቅለው አዲስ ፀጉር ብቻ ነው። እቤት ውስጥ ልናደርገው የምንችለው ያልወደድነውን ቀለም ማደብዘዝ፣ የቀረውን ከአዲሱ ፀጉር ጋር ማመሳሰልና ፀጉሩ እስኪያድግ ድረስ እንዳይሰባበር መጠበቅ ነው። ከዚህ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ማስታወቂያ ሲያጋጥም መጠራጠር አይከፋም።

የተቀባሁት ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ሳጥኑ ካልተጣለ ነገሩ ቀላል ነው። ውስጡ የቀለም ቱቦና ለብቻው የታሸገ ፈሳሽ ከነበረ፣ ሁለቱም ተደባልቀው ከተቀቡ፣ ቀለሙ ቋሚ ነው፤ አለበለዚያም ከ20 እስከ 28 በሚደርስ እጥበት እየደበዘዘ የሚሄደው መለስተኛ ቋሚ ነው። ሳይደባለቅ ከቱቦው ወይም ከጠርሙሱ ወጥቶ በቀጥታ የተቀባ ከሆነ ግን በጥቂት እጥበት የሚለቅ ነው፤ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ሮዝ የሆኑት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ሳጥኑ ከሌለ አንድ ዘለላ ፀጉር አርጥበው በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይሹት። በጨርቁ ላይ ቀለም በግልጽ ከቀረ ቀለሙ እየለቀቀ ነውና በማጠብ ብቻ ብዙ ይቀንሳል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ቋሚ ቀለም ነው፤ ካልሆነም ሂና ነው። ስለ ሂና ወደ ታች ለብቻው ተጽፏል።

«ጥቁር» ብዬ የገዛሁት ቀለም ለምን ከፀጉሬ በላይ ጠቆረ?

በሳጥኑ ላይ የሚታተመው ቁጥር የጥቁረቱን ደረጃ ያመለክታል፤ 1 ፍጹም ጥቁር ሲሆን 10 እጅግ የነጣ ወርቃማ ነው። አብዛኞቻችን ፀጉራችንን ጥቁር ብንለውም፣ በቀትር ፀሐይ አንዲት ዘለላ ወደ ብርሃን ይዘን ብናያት ቡናማነት አይጠፋባትም፤ በዚህ አቆጣጠር 2 ወይም 3 ላይ ያርፋል ማለት ነው። ቁጥር 1 የተቀባ ሰው የሚያገኘው ሰማያዊነት ያለበት፣ ከሩቅ ዊግ የሚመስል ጥቁረት ነው። የፀጉሩ ጫፍ ደግሞ በካውያና በፎን ብዛት የደረቀ ስለሆነ ከሥሩ የበለጠ ቀለም ይመጥጣል፤ «ጫፉ ከል የገባ መሰለ» የሚሉት ለዚህ ነው። እንግዲህ ጠቆረብኝ የሚል ሰው ሁሉ ቀለሙን ነቅሎ ማውጣት አይጠበቅበትም። አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ማደብዘዝ ይበቃዋል፤ ይህን ያህሉ ደግሞ እቤት የሚቻል ነው።

የተቀባሁት ትናንት ነው፤ ዛሬ ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ይታጠቡ። ቋሚ ቀለም እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ከኋላው ይልቅ በቀላሉ ይቀንሳል። ለብ ባለ ውሃና ጠለቅ አድርጎ በሚያጸዳ ክላሪፋይንግ ሻምፖ፣ እሱ ከሌለ በፎረፎር ሻምፖ ይታጠቡ። የፎረፎር ሻምፖ፣ በተለይ ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበት፣ ቀለም በማደብዘዝ ይታወቃል፤ ቀለሙን ለሚወድ ሰው ችግር የሆነው ጠባዩ ለእርስዎ ጥቅም ይሆናል። ሻምፖውን አረፋ አስይዘው አምስት ደቂቃ ያህል ያቆዩት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ ከዚያ ይድገሙት።

ስንት ጊዜ ይደገም ለሚለው፣ ከምለካበት መንገድ ሁሉ ደንበኞቼ የሚወዱት የቡናውን ነው። ለልጇ ሠርግ ፀጉሯን ቁጥር 1 የተቀባች እናት በማግስቱ መጥታ በነጭ ሳህን ላይ ስናጥባት፣ የመጀመሪያው እጣቢ እንደ አቦል ጠቁሮ ወረደ፤ ሁለተኛው እንደ ቶና ሆነ፤ ሦስተኛው በረካ መስሎ ሳህኑ ከሥሩ መታየት ጀመረ። «አራተኛ ቡና የለምና እዚህ ላይ እናቁም» አልኳት። እጣቢው ከቀጠነ በኋላ የሚቀጥል ሰው የሚያወጣው የፀጉሩን ቅባት እንጂ ቀለም አይደለም። ከመጨረሻው እጥበት በኋላ ኮንዲሽነር ወይም ትሪትመንት ሳይቀቡ ፀጉሩን በፎንም ሆነ በካስክ አያድርቁት፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና መታጠብ ይቻላል።

ቫይታሚን ሲ እውነት ቀለም ያስለቅቃል?

ያደበዝዛል። በኬሚካል ስሙ አስኮርቢክ አሲድ የሚባለው ይህ ንጥረ ነገር ኦክሲጅን ቀለሙ ላይ የሠራውን ሥራ በከፊል የመቀልበስ ጠባይ አለው። ውጤቱ ጎልቶ የሚታየው ቀለሙ በቅርብ ቀን የተቀባና ከተፈጥሮው ፀጉር የጠቆረ ሲሆን ነው። ስድስት ወር የቆየ ጥቁር ላይ ብዙ መጠበቅ አይገባም። ከነጣ በኋላ ወርቃማ የሆነን ፀጉር ደግሞ ሊያጠቁረው አይችልም፤ የሚያወጣው እንጂ የሚጨምረው ቀለም የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፋርማሲ 500 ሚሊግራም የሆነውን ከ10 እስከ 15 እንክብል ይግዙ፤ ብርቱካናማ ቀለምና ጣዕም የተጨመረበት ሳይሆን ነጩ ይሻላል። በንጹሕ ሙቀጫ እስኪልም ይውቀጡትና እንደ ቀጭን ሊጥ እስኪሆን ድረስ ከሻምፖ ጋር ይለውሱት፤ ያልደቀቀ ፍርፋሪ ካለ ፀጉር ውስጥ ተሰግስጎ ለማስወጣት ያስቸግራል። እርጥብ ፀጉር ላይ፣ ይበልጥ የጠቆረበትን ቦታ እየመረጡ ይቀቡት፣ በላስቲክ ይሸፍኑትና 30 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ከአንድ ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠቡና ኮንዲሽነር ይቀቡ። ውህዱ አሲድ ስለሆነ የራስ ቆዳ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ካለ ያቃጥላል፤ ሹሩባ በተፈታ ማግስት፣ ቆዳው ገና እንደቆሰለ ባይሞከር ይመረጣል። ካስፈለገ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል።

ቤኪንግ ሶዳ፣ የዕቃ ሳሙና ወይም እንዶድስ?

ሦስቱም ቀለም ይቀንሳሉ፤ ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። የራስ ቆዳችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 አካባቢ ሲሆን በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ግን ከ8 ይበልጣል፤ የፀጉሩን ሽፋን ከፍቶ ቀለሙ እንዲሾልክ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሽፋኑ ተከፍቶ ሲቀር ግን ፀጉሩ ይሻክራል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። መሞከር ካለበት አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ እፍኝ ሻምፖ ለውሶ አንድ ጊዜ ብቻ መታጠብ፣ በኋላም አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በግማሽ ሊትር ውሃ አቅጥኖ ማለቅለቅ ሽፋኑ መልሶ እንዲገጥም ይረዳል። የዕቃ ሳሙና የተሠራው የወጥ ቅባት ከድስት ላይ ለማንሳት ነው፤ ፀጉር ላይም የሚያደርገው ያንኑ ነው። እንዶድ ሸማ ያነጻል ተብሎ ለፀጉርም ቢሞከር፣ አረፋው ዓይን ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ይለበልባልና እኔ አልመክረውም።

ቅቤ፣ ዘይት፣ ማርና ሎሚስ?

ቅቤ ተቀብተው በማግስቱ ሲታጠቡ ውሃው ቀለም ይዞ ሲወርድ ያዩ ሰዎች «ቅቤ ቀለም ያወጣል» ይላሉ። ያዩት ነገር ውሸት አይደለም፤ ቅቤውን ለማስለቀቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ በሻምፖ ስለታጠቡ ቀለሙ በሻምፖው ለቅቋል። ቅባት ራሱ ፀጉር ውስጥ የተያዘን ቋሚ ቀለም አያወጣም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ከእጥበቱ በፊት ባለው ሌሊት የተቀባ የኮኮናት ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ ፀጉሩ በተደጋጋሚ መታጠብ ከሚያመጣበት ድርቀት ይከላከልለታል። ማር ለፀጉር ልስላሴ እንጂ ቀለም ለማስለቀቅ አይጠቅምም፣ ወይም ጥቅሙ ለዓይን የሚታይ አይደለም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ደግሞ የሚያነጣው የተቀባውን ብቻ ሳይሆን የተፈጥሮውንም ፀጉር ነው። የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጠቁሮ ሊቀር እንደሚችልም መታወቅ አለበት፤ ግንባራቸውና አንገታቸው ላይ ጥቁር ምልክት ቀርቶባቸው የመጡ አሉ።

በረኪና በውሃ አቅጥኜ ብሞክርስ?

በፍጹም አይሞከርም። «ብሊች» የሚለው ስም ለልብስ ማንጫውም ለፀጉር ማንጫ ዱቄቱም ስለሚነገር ስሕተቱ ከዚያ ይመጣል፤ ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በረኪና ፀጉር የተሠራበትን ኬራቲን ያሟሟል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ካለበት ቀለም ጋር ሲገናኝም እንዲሁ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

በውጭ አገር ሱቆች የሚሸጠው የቀለም ማስወገጃ ይሠራል?

ለቋሚ ቀለም እቤት ከሚሞከሩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖች ከመዋቢያ መደብር በቀላሉ ያገኙታል፤ ወደ አገር ቤትም በሻንጣ ይመጣል። ፐርኦክሳይድና ማንጫ ዱቄት የሌለበት፣ የሰልፈር ውህድ ያለበት ዓይነት ሲሆን፣ ሥራው ተያይዘው የተለቁትን የቀለም ሞለኪውሎች ፈትቶ መልሶ ትንንሽ ማድረግ ነው። ሜላኒኑን አይነካም። ስለዚህም የሚወጣው ፀጉር ቀለሙ ሲቀባ በነጣበት መጠን የነጣ ይሆናል፤ ሰው «ማስወገጃው ፀጉሬን ቀይ አደረገው» ቢልም ቀዩን ያመጣው ማስወገጃው ሳይሆን ቀድሞ የተቀባው ቀለም ነው። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ይመስላል፤ መስኮት መክፈት ግድ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ቀንም ከፀጉር ላይ አይጠፋም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እጥበቱ ላይ ነው። የተፈቱት ትንንሽ ሞለኪውሎች ታጥበው ካልወጡ አየር ሲያገኛቸው እንደገና ይያያዛሉ፤ ማታ የነጣ ፀጉር ጠዋት ጠቁሮ የሚነሣው ለዚህ ነው። መመሪያው ላይ የተጻፈው የመታጠቢያ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሚወርድ ውሃ ሥር ሆኖ የሚቆጠር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ተራው ባልሆነበት ቀን ይህን ሥራ አይጀምር፤ በጆግ እየተቀዳ በሚፈስስ ግማሽ ባልዲ ውሃ አይሆንም። አንዲት እህት በስልክ «ማስወገጃው የውሸት ነው» ብላ ስትማረር፣ ምን ያህል ታጠብሽ ብላት «ውሃ ስለሄደብኝ በሃይላንድ ውሃ አለቀለቅሁት» አለችኝ። በሚቀጥለው ፈረቃ ሁለተኛውን ሳጥን ተጠቅማ በትክክል ስትታጠብ ለቀቀላት።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። በቀጥታ የሚቀባውን ደማቅ ሰማያዊና ሮዝ ቀለም ይህ ማስወገጃ አብዛኛውን ጊዜ አያወጣውም። ከማስወገጃው በኋላም በዚያው ሳምንት ፐርኦክሳይድ ያለበት ቀለም ከተቀባ፣ ውስጥ የቀሩት ሞለኪውሎች ተቀስቅሰው ፀጉሩን ከታሰበው በላይ ያጠቁሩታል።

የፀጉር ማንጫ ዱቄት ገዝቼ እቤት ብጠቀምስ?

አይመከርም፤ ሪላክሰር (ጥቅልል ፀጉርን የሚዘረጋ ኬሚካል) የነካው ፀጉር ላይ ደግሞ አይታሰብም። ማንጫ ዱቄቱ የተቀባውን ቀለም ከተፈጥሮው ሜላኒን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም እየበላ ከጥቁር ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ከዱቄቱ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ 10፣ 20፣ 30 እና 40 የሚል ቁጥር አለው፤ እነዚህም በቅደም ተከተል 3፣ 6፣ 9 እና 12 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማለት ናቸው። ቶሎ ይለቅልኛል ብሎ 40 የሚገዛ ሰው ጥቂት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለፀጉር ምርት የፈቀደው ጣሪያ 12 ከመቶ መሆኑን ስናስብ፣ ጀማሪ ሰው በገዛ እጁ ኋላውን ሳያይ የሚቀባው ነገር ጣሪያው ላይ ያለው ነው። ሪላክሰር የፀጉሩን ውስጣዊ ማያያዣ አስቀድሞ አላልቶታል፤ በላዩ ማንጫ ሲጨመር ፀጉሩ እርጥብ እያለ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ በማበጠሪያ ይቀራል።

ሂና ተቀብቼ ነበር፤ እሱስ ይለቃል?

ንጹሕ ሂና በእጅና በእግር ላይ ሲሆን ቆዳው ሲታደስ እንደ እንሶስላ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ፀጉር ግን አይታደስምና ከፀጉር ጋር ያድጋል። ሎውሶን የተባለው ማቅለሚያው ከኬራቲኑ ጋር ስለሚጣበቅ ከላይ የተጠቀሰው ማስወገጃም ሆነ ቫይታሚን ሲ አይነቅለውም። ሞቅ ያለ ዘይት ሌሊቱን አሳድሮ በሻምፖ መታጠብ በተለይ ከተቀባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥቂት ያደበዝዘዋል። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ትዕግሥትና መቀስ ነው።

የሚያሳስበው ሂና ተብሎ የሚሸጠው ሂና ያልሆነው ነው። የሂና ቅጠል ዱቄት አረንጓዴ ነው፣ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፣ ለሰዓታት ተቀብቶ የሚሰጠውም ብርቱካንማ ቀይ ነው። በትንሽ ከረጢት ተሽጦ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚያደርገው «ጥቁር ሂና» ፒፒዲ የተባለው ኬሚካላዊ ማቅለሚያ የተጨመረበት ነው፤ ሽበታቸውን ለመሸፈን አባቶችም የሚጠቀሙበት እሱን ነው። ከብረት ጨው ጋር የተቀየጡ የፀጉር ማቅለሚያዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ የነበረውን ሌድ አሲቴት (የእርሳስ ጨው) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከፀጉር ቀለም ውስጥ እንዲወጣ የወሰነው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የብረት ጨው ያለበት ፀጉር ላይ ፐርኦክሳይድ ሲያርፍ ይግላል፣ አንዳንዴም ይጨሳል፣ ፀጉሩም ይበጣጠሳል። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ ሂና የተቀባ ሰው ፐርኦክሳይድ ያለበትን ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት ባለሙያ ያማክር። እኛ ከማበጠሪያው የወጡ ጥቂት ፀጉሮችን በመስታወት ሳህን ባለ 20 ፐርኦክሳይድና ጥቂት ጠብታ አሞኒያ ውስጥ ነክረን ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ሳህኑ ከሞቀ፣ ሽታ ከወጣው ወይም ፀጉሩ ቀለሙን ድንገት ከለወጠ ደንበኛዋን ሳንነካ እንመልሳታለን።

ቀለሙ ሲለቅ ፀጉሬ ብርቱካንማ ሆነ፤ እንዴት ላስተካክለው?

ብርቱካንማን የሚያጠፋው ሰማያዊ፣ ቢጫን የሚያጠፋው ሐምራዊ፣ ቀይን የሚያጠፋው አረንጓዴ ነው። ብርቱካንማው ቀለል ያለ ከሆነ ሰማያዊ ሻምፖ በሳምንት አንድ ጊዜ መጠቀም ያበርደዋል። ወደ ተፈጥሮው መቅረብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፐርኦክሳይድ የሌለበትን፣ በእጥበት የሚለቀውን ቡናማ ቀለም ይቀባ። የቀለም ምርጫው ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ የነጣ ፀጉር እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥጥ ከተፈጥሮዎ ፀጉር አንድ ደረጃ የፈዘዘውን መውሰድ ይገባል። ተፈጥሮዎ 3 ከሆነ 4 ይግዙ። 1 የሚገዛ ሰው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል።

ሽበቴን መቀባት ሰልችቶኛል፤ ወደ ሽበቴ ልመለስ እችላለሁ?

ወንዶች ከሆኑ ሁለት ጊዜ ፀጉር መቆረጥ ይበቃል። ረጅም ፀጉር ያላቸው እናቶች ላይ ግን ማስወገጃ መቀባት ያልተጠበቀ ውጤት ያመጣል፤ ነጩ ፀጉር ወደ ቢጫነት፣ በመካከሉ ያለው ጥቁር ወደ ቀይነት ይሄድና ዝንጉርጉር ይሆናል። የሚሻለው መቀባቱን አቁሞ ጫፉን በየሁለት ወሩ እያስቆረጡ ማሳደግ ነው። ነጠላና ሻሽ ባለበት አገር ይህ እንደ ሌላው አገር አያስጨንቅም፤ አንዲት እትዬ ሁዳዴውን በሙሉ ተሸፋፍነው ቆይተው ለዳግማይ ትንሣኤ ሲገልጡት፣ ሁለት ጣት የሚሆን ብርማ ፀጉር ከፊት በቅሎ ነበር፤ የቀረውን በአንድ ቀን አሳጥረን ጨረስነው።

አዲሱ ፀጉር እስኪያድግ ምን ያህል ይፈጃል? እስከዚያስ?

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፀጉር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ሁለት ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ጥቅልል ፀጉር ስለሚሰበሰብ ያደገው ያላደገ ይመስላል፤ ለመለካት አርጥበው ይሳቡት። ለዚህ ጊዜ ሹሩባን የሚያህል መፍትሔ የለም፤ የሁለቱ ቀለማት ድንበር በጉንጉኑ ውስጥ ይጠፋል፣ ከተፈጥሮው ጋር የሚሄድ ቅጥያ ከተጨመረማ ማንም አይለየውም። ሆኖም ቀለም የነካውና ያልነካው ፀጉር የሚገናኙበት ቦታ ከሁሉ የደከመ ነው፤ ጠብቆ ሲጎነጎን እዚያ ላይ ይቆረጣል። ሠሪዋን «ላላ አድርጊልኝ» ለማለት አይፈሩ፤ ሹሩባው ያመረ ሆኖ ራስ ካሳመመ ጠብቋል ማለት ነው።

ግንባሬና ጆሮዬ ላይ የቀረውን ቀለም በምን ላንሳው?

ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀብተው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ያጽዱት። ያልለቀቀው በሁለትና በሦስት ቀን በራሱ ይሄዳል፤ መፈግፈግ ቆዳውን ይልጠዋል እንጂ አያፋጥነውም።

ከተቀባሁ በኋላ ያሳክከኛል፣ ዓይኔም አብጧል፤ ቀለሙን ላስለቅቀው?

ይህ የቀለም ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። በለብታ ውሃና በቀላል ሻምፖ በደንብ ይታጠቡና ሌላ ምንም ነገር ሳይጨምሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ አንድ ደቂቃ አይጠበቅም። የአብዛኛው ምክንያት ፒፒዲ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በፀጉር ላይ ሲውል ከ2 ከመቶ እንዳይበልጥ የወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰውነት በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይቆጣል። ለዚህም ነው ማንኛውም ቀለም ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ትንሽ ነክቶ መጠበቅ የሚያስፈልገው፤ ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም የማያነበው መመሪያ ይህ ነው።

ሙከራውን ትቼ ወደ ፀጉር ቤት መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

አንድ ፀጉር ነቅለው አርጥቡትና በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይሳቡት። ጥቂት ተለጥጦ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደኅና ነው። ተለጥጦ ከቀረ ወይም ሳይለጠጥ ከተበጠሰ፣ ቫይታሚን ሲም ቢሆን ይቁም፤ ለጥቂት ሳምንታት ትሪትመንት ብቻ ይቀቡ። ሁለት ዓይነት ነገር ሞክረው ካልለቀቀ፣ ወይም ሪላክሰር፣ ሂናና ማንጫ በአንድ ፀጉር ላይ ከተገናኙ፣ ሦስተኛውን ሳይሞክሩ ወደ ባለሙያ ይሂዱ።

ሲሄዱ ባዶውን ሳጥን ወይም ፎቶውን ይዘው ይሂዱ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ፀጉሩን የነካውን ሁሉ በቅደም ተከተል ይናገሩ። ከሳጥኑ ላይ የምንፈልገው ቁጥሩንና ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የውህዶች ዝርዝር ነው። ብዙ ደንበኞች ቁጣ ፈርተው «ምንም አልተቀባሁም» ይላሉ፤ እኛም አምነን እንጀምርና መሐል ላይ ፀጉሩ ራሱ ይናገራል።